የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባዎችን ከክረምት በፊት መጠገን ለፎገራ ሜዳና ለጣና ዳርቻ ያለው ፋይዳ

ወረታ (ደቡብ ጎንደር)፦ ከጣራ ገዳም ተራራ ግርጌ አንስቶ እስከ ጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በተዘረጋው የሊቦ ከምከምና የፎገራ ሜዳ፣ ከጉና ተራራ የሚነሱት የርብና የጉማራ ወንዞች ክረምት በበረታ ጊዜ ከመውረጃቸው አልፈው እርሻውንና መንደሩን ያጥለቀልቃሉ። በ1998 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ የደረሰው ጎርፍ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ወረዳዎች በርካታ ነዋሪዎችን ከቀዬአቸው አፈናቅሏል። በ2012 ዓ.ም ክረምትም በጣና ዙሪያ ተመሳሳይ ጉዳት ደርሷል። መንገድ በውኃ በሚቆረጥበት በዚህ ወቅት በውኃ ወደተከበበ መንደር ለመድረስ፣ ሕሙማንን ለማውጣትና እህል ለማድረስ የሚያስችለው ጀልባ ነው።

በጣና ዳርቻ ለዘመናት ያገለገለው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲሆን፣ በሞተር ጀልባ ዓሣ ማስገር የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ ነው። ዛሬ በሐይቁ ላይ ከታንኳው ጎን ከእንጨት፣ ከብረትና ከፋይበርግላስ የተሠሩ ጀልባዎች ይንቀሳቀሳሉ። ከእነዚህ መካከል ትንሹ የፋይበርግላስ ጀልባ ቀላል፣ ዝገት የማይነካውና በመኪና ተጭኖ በጎርፍ ወደተያዘ ቦታ ሊወሰድ የሚችል በመሆኑ ለአደጋ ጊዜ ሥራ ተመራጭ ነው። ይሁን እንጂ ዓመቱን ሙሉ ያለ እንክብካቤ ቆሞ በነሐሴ ወር በድንገት ሲፈለግ አገልግሎት መስጠት የማይችልበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

የብልሽቱ መነሻ

ፋይበርግላስ ቀጭን የመስታወት ጭረት በሬዚን ተነክሮ የሚጠነክርበት ውህድ ነው። መስታወቱ ጥንካሬን ይሰጣል፤ ሬዚኑ ጭረቱን አያይዞ ይይዛል፤ በላዩ ላይ ያለው ጄልኮት የሚባል አንጸባራቂ ሽፋን ደግሞ ውኃንና ፀሐይን ይከላከላል። ውህዱ ራሱ አይበሰብስም። በአሮጌ ጀልባ ላይ የሚበሰብሰው በውስጡ ተሸፍኖ የሚገኘው እንጨት ነው። በብዙ ትናንሽ ጀልባዎች ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳና የወለሉ ተሸካሚ አግዳሚዎች ከኮምፔንሳቶ ወይም ከጣውላ ተሠርተው በፋይበርግላስ የተለበጡ ናቸው። ውኃ በአንድ የቡሎን ቀዳዳ ሰርጎ ከገባ፣ እንጨቱ ከውጭ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሲበሰብስ ይቆያል።

ሁለተኛው ችግር ከወለሉ ሥር የሚሞላው አንሳፋፊ ፎም ውኃ መምጠጡ ነው። 200 ሊትር ውኃ የመጠጠ ፎም ለጀልባው 200 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ክብደት ይሆናል። ይህም የሦስት ጎልማሶችን ያህል ስለሆነ፣ ስምንት ሰው እንዲይዝ የተሠራ ጀልባ ስምንት ሰው ሲጭን ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። አደጋው የሚመጣው ጀልባው በስም ያለው አቅምና በእውን ያለው አቅም የተለያየ መሆኑን ማንም ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ሦስተኛው በሽፋኑ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እብጠት ነው። ይህ እብጠት ከጨዋማ ባሕር ይልቅ እንደ ጣና ባሉ የጨው አልባ ውኃዎች ላይ በፍጥነት የሚፈጠር ሲሆን፣ ለዓመታት ከውኃ ሳይወጡ የሚቆዩ ጀልባዎችን በይበልጥ ያጠቃል።

ከጥገና በፊት የሚደረግ ምርመራ

አንድን አሮጌ ጀልባ ለመጠገን ወይም ለማስወገድ ከመወሰን በፊት ሦስት ቀላል ፍተሻዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው አካሉን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ንብርብሩ የተላቀቀበት ወይም እንጨቱ የበሰበሰበት ቦታ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው ሞተሩን ይዞ ወደ ታች በመጫን የኋላ ግድግዳው መተጣጠፍ አለመተጣጠፉን ማየት ነው። ግድግዳው ከታጠፈ ወይም ቡሎን ሲፈታ ቡናማ ውኃ ከፈሰሰ እንጨቱ ተበላሽቷል። ሦስተኛው ጀልባውን መዝኖ ከአምራቹ ሰሌዳ ጋር ማነጻጸር ነው።

በዚህ ረገድ በስፋት የሚፈጸመው ስህተት ጀልባውን ቀለም ቀብቶ እንደተጠገነ መቁጠር ነው። አዲስ ቀለም እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ከማቆየትና ለርክክብ የሚመጣውን ኮሚቴ ከማሳሳት በቀር የሚሰጠው ጥንካሬ የለም። በአንጻሩ የግድግዳው እንጨት በመበስበሱ ብቻ አካሉ ደህና የሆነን ጀልባ ማስወገድም ንብረት ማባከን ነው። የታችኛው አካል በሰፊው ንብርብሩ ከተላቀቀ ግን ጥገናው ከዋጋው በላይ ሊሆን ይችላል።

የጥገናው ቅደም ተከተል

ከሁሉም በፊት ጀልባው መድረቅ አለበት። ጀልባው ጥላ ሥር፣ የፍሳሽ ቡሽው ተነቅሎ፣ አፍንጫው ከፍ ብሎ ለሳምንታት ይቀመጣል። የበሰበሰው እንጨት ከውስጥ በኩል ተቆርጦ ይወጣል፤ በምትኩ ውኃ በሚቋቋም ሙጫ የተሠራ ኮምፔንሳቶ ጠርዙ ሁሉ በሬዚን ጠጥቶ ይገባል።

የተሰነጠቀ ቦታ ሲጠገን ዳርቻው በግራይንደር ቀስ በቀስ እየሳሳ እንዲሄድ ይደረጋል። ስፋቱም ከውፍረቱ 12 እጥፍ ይሆናል። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው አካል ይህ 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ቦታው በአሴቶን ከተጸዳ በኋላ የመስታወት ምንጣፉ ንብርብር በንብርብር ይለጠፋል። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ምንጣፍ እያንዳንዱ ንብርብር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ለዚህ ጥገና አምስት ያህል ንብርብር ያስፈልጋል። አየሩ በሮለር ተጨምቆ መውጣት አለበት።

የፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። መጠኑ ሲያንስ ሬዚኑ አይጠነክርም፤ ሲበዛ ግሎ ይሰነጠቃል። ኮባልት የተባለው አፋጣኝ ለብቻው በሚቀርብበት ጊዜ ከማጠንከሪያው ጋር በቀጥታ መቀላቀሉ ፍንዳታ ስለሚያስከትል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሠራተኞች ያለ አፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽርና ጓንት ሥራውን መጀመር የለባቸውም።

ሞተሩና የጣና ከፍታ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ስለሚያጣ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው ከ33 ብዙም አይበልጥም። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር በጣና ላይ ሞተሩን ያስጨንቃል፤ በመሆኑም እርምጃው አነስ ያለ ፕሮፔለር መምረጥ ይገባል።

በየዓመቱ የማርሽ ዘይቱ ይቀየራል፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል። የማቀዝቀዣ ፓምፑ ላስቲክ፣ ካንዴላውና የቤንዚን ፊልትሮው ይታያሉ። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ የተስፋፋው የእምቦጭ አረም የውኃ መሳቢያውን ስለሚደፍን፣ ነጂው ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን የማቀዝቀዣ ውኃ ያለማቋረጥ መከታተል አለበት። ውኃው ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋል። ጀልባው ሥራ ፈትቶ በሚቆምበት ወቅትም ቤንዚኑ ከካርቡራተሩ እንዲፈስ ይደረጋል።

የሥራ ዘመን አቆጣጠር

ለአካባቢው የአየር ጠባይ የሚስማማው አሠራር ምርመራውን በጥር፣ የአካል ጥገናውን በየካቲትና በመጋቢት፣ የሞተሩን በሚያዝያ ማጠናቀቅ፣ በግንቦት ደግሞ ጀልባውን ከሚጭነው ሰው ጋር እኩል በሚመዝን አሸዋ ከረጢት ጭኖ በውኃ ላይ መፈተሽ ነው። የጥገና በጀት በክረምት መግቢያ ከተለቀቀ ሬዚን የሚደርቅበት ፀሐይ አልፏል።

ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ በመሆኑ የተቃጠለ ዘይትና የፋይበርግላስ ብናኝ ወደ ውኃ መጣል የለበትም። በሐይቁ ብቻ የሚገኙ የዓሣ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ርብና ጉማራ የሚወጡት ጀልባዎች በብዛት በሚፈለጉበት በክረምቱ ወራት ነው።

ለእያንዳንዱ ጀልባ የጥገናውን ቀን፣ የተቀየረውን ዕቃና በፍተሻ የተረጋገጠውን የሰው ብዛት የሚይዝ መዝገብ ሊኖር ይገባል። የተፈቀደው የሰው ብዛት በጀልባው ጎን በጉልህ ሊጻፍ፣ ለዚያው ቁጥር የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬትም አብሮ ሊቀመጥ ይገባል። ይህ ከሆነ ጎርፉ በሌሊት ሲመጣ ጀልባውን የሚረከበው ሠራተኛ ስንት ሰው መጫን እንደሚችል የሚያውቀው በግምት ሳይሆን ከመዝገቡ ይሆናል።