«መቶ ሺሕ ዕይታ» ስንት ካርቶን ጫማ ይሸጣል?

መርካቶ የራሱ ቋንቋ ያለው ገበያ ነው። «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጨረሻ እንዳልሆነ፣ «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» ማለት ዕቃው ገና ጅቡቲ፣ ምናልባትም ከነጭራሹ ቻይና ነው ማለት ሊሆን እንደሚችል፣ ዱባይ ተራም ሆነ ሚሊተሪ ተራ ያደገ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ደላላ የተናገረውን ሳይሆን ያሰበውን መስማት የለመደው ይኸው ነጋዴ ግን፣ ስልክ የያዘ ወጣት ሱቁ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ፔጅዎን ቡስት ላድርግልዎና ሪቹ ከፍ ይበል» ሲለው እንደ አዲስ ተማሪ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከዚያም ይከፍላል።

የዚህ ጸሐፊ አጎት ከከፈሉት አንዱ ናቸው። አጎቴ መርካቶ ውስጥ ጫማ በጅምላ ይሸጣሉ። ባለፈው ዓመት 20,000 ብር ለአንድ አስተዋዋቂ ሰጥተው፣ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ገጽ ሪፖርት ተቀበሉ። ኢምፕሬሽን 100,000፤ ሪች 25,000፤ ፍሪኩዌንሲ 4፤ ክሊክ 1,000፤ መልእክት 80 ይላል። ከማስታወቂያው የመጣ ገዢ ስንት እንደሆነ ግን ወረቀቱ አይናገርም። አጎቴ ራሳቸው ቆጥረው ያገኙት ስምንት ሰው ነው። «መቶ ሺሕ ሰው አይቶት ስምንት ሰው ገዛ?» ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት።

መቶ ሺሕ ሰው አላየውም። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቃላቱን ወደ ሱቅ ደጃፍ ብናመጣቸው ሁሉም ይገለጣሉ። ኢምፕሬሽን ማለት በደጃፍዎ የተደረገ ማለፍ ነው፤ ያው ሰው አራት ጊዜ ቢያልፍ አራት ተብሎ ይቆጠራል። ሪች የአላፊዎቹ ራስ ቆጠራ ነው። ፍሪኩዌንሲ ደግሞ አንዱ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ይነግራል። ስለዚህ 25,000 ሰው አራት አራት ጊዜ ሲያልፍ 100,000 ይሆናል፤ አስተዋዋቂው የቱን ቁጥር በትልቁ እንደሚጽፍ መናገር አያሻም። ክሊክ ሱቅ ውስጥ ብቅ ያለ፣ መልእክት ወይም «ሊድ» የሚባለው ዋጋ የጠየቀ፣ «ኮንቨርዥን» ከፍሎ የወጣ ነው።

«ማለፍ» የሚለውም ቃል ቢሆን ብዙ እንዳይታመን። በፌስቡክና በኢንስታግራም ማስታወቂያው ስክሪኑ ላይ በከፊልም ብቅ ካለ ኢምፕሬሽን ተብሎ ይያዛል። ሚዲያ ሬቲንግ ካውንስል የተባለው የአሜሪካ ተቋም «ታይቷል ለማለት» ያስቀመጠው መለኪያ እንኳ የምስሉ ግማሽ ለ1 ሰከንድ፣ ቪዲዮ ከሆነ ለ2 ሰከንድ መታየት ብቻ ነው። በ1 ሰከንድ ውስጥ የጫማ ቁጥር አይነበብም።

ሒሳቡን እንሥራው። አስተዋዋቂዎች «ሲፒኤም» የሚሉት የአንድ ሺሕ ኢምፕሬሽን ዋጋ ነው፤ «ኤም»ዋ ሺሕ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣች ናት። ለአጎቴ 200 ብር ወጥቷል፤ ርካሽ ይመስላል። አንዱ ክሊክ 20 ብር፣ አንዱ መልእክት 250 ብር ሲሆን፣ አንዱ ገዢ ግን 2,500 ብር ፈጅቷል። ያው 20,000 ብር ነው፤ ስሙ በተለወጠ ቁጥር እየከበደ ሄደ። ከስምንቱ ሰባቱ አንድ አንድ ጥንድ የገዙ ናቸው፤ ከእነርሱ የተገኘው ትርፍ የማስታወቂያውን ወጪ አይሸፍንም። ስምንተኛው የደሴ ነጋዴ ነበር፤ 12 ካርቶን ጭኖ ሄደ። ኪሳራውን ያቀለለው እርሱ ብቻ ነው።

አጎቴ የሚፈልጉት እንግዲህ እንደ ደሴው ሰው ያለውን ነበር። ማስታወቂያው ግን የተላከው ለማን ነው?

ማሽኑ ያዘዙትን ነው የሚያመጣው

በፌስቡክ ማስታወቂያ ሲገዛ መጀመሪያ የሚመረጠው ዓላማው ነው። ምርጫዎቹ ስድስት ናቸው፦ ለማስተዋወቅ፣ ሰው ወደ ድረ ገጽ ለመላክ፣ ላይክና አስተያየት ለማግኘት፣ ጠያቂ ለመሰብሰብ፣ መተግበሪያ ለማስጫን፣ ለመሸጥ። ማሽኑ በዚህ ረገድ የታመነ ሎሌ ነው። ላይክ ካዘዙት ላይክ የማድረግ ልማድ ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ ያቀርባል፤ እነዚህ ሰዎች ከገዢዎች ጋር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። «ቡስት» የምትባለዋ ቁልፍ ይህን ሁሉ አሳጥራ በጥቂት ንክኪ ስለምትጨርስ በልጆቹ ዘንድ ተወዳጅ ናት። የአጎቴ ማስታወቂያ የታዘዘው ለላይክ ሆኖ፣ አካባቢውም አዲስ አበባ ብቻ ተብሎ ነበር። የመርካቶ የጅምላ ደንበኛ ደሴ፣ ጅማ፣ ነቀምት፣ ሐዋሳ መሆኑን ለወጣቱ የነገረው የለም። ወጣቱም አልጠየቀ።

ሌላም ነገር አለ። ለኩባንያው የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው፤ ይህ ካርድ ደግሞ በአብዛኛው ነጋዴ እጅ አይገኝም። ስለዚህ ብሩ በአገናኝ በኩል ያልፋል። ከ20,000 ብሩ ስንቱ ለማስታወቂያው ዋለ፣ ስንቱ የአገናኙ ድርሻ ሆነ? ይህን የሚያሳይ «አማውንት ስፔንት» የተባለ መስመር በኩባንያው ሰሌዳ ላይ አለ። በአጎቴ ሪፖርት ላይ ግን ይኸው መስመር ብቻ ተዘሎ ነበር። ድርሻ መውሰድ ነውር የለውም፤ መርካቶ በኮሚሽን የሚኖር ገበያ ነው። ኮሚሽኑ ግን ይነገራል።

የቴሌግራሙ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። «የቴሌግራም ማስታወቂያ» ሲባል በእኛ ገበያ ብዙውን ጊዜ አንድ የቻናል ባለቤት ተከፍሎት የሚለጥፈው ማለት እንጂ ቴሌግራም ራሱ የሚሸጠው ማለት አይደለም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 የራሱን ማስታወቂያ መሸጥ ሲጀምር መግቢያው 2 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ ከ160 ፊደል ላልበለጠች ጽሑፍ! ያ ዋጋ ከጊዜ በኋላ ወርዷል። የቻናል ባለቤት «50,000 ሜምበር አለኝ» ቢል፣ ሜምበር በገንዘብ እንደሚገባ ይታወስ። ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ይመልከቱ። 50,000 ሜምበር ይዞ ዓይኗ 700 የምትል ከሆነ፣ ገበያው ባዶ ሆኖ ድንኳኑ ብቻ ተተክሏል። የዓይኗም ቁጥር ቢሆን ይገዛል፤ አንድ ልጥፍ ሳይሆን የሁለት ሳምንት ልጥፎችን ማየቱ ይሻላል።

ቃል ሕግ ሲሸፍን

የተከለከለ ወይም የተገደበ ሸቀጥ ሲመጣ ነገሩ ከኪሳራም ያልፋል። በዚህ ረገድ ትልቁ ትምህርት ቤት የሰሜን አሜሪካ የካናቢስ ንግድ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ካናቢስን በሕግ ስትፈቅድ ማስታወቂያውን ግን በእጅጉ ገደበች። ፌስቡክና ጉግልም ለዓመታት በራቸውን ዘጉ፤ ያኔ ትዊተር ይባል የነበረው ድርጅት በአሜሪካ በከፊል የከፈተው በ2023 ነው። ነጋዴዎቹ ታዲያ በሌላ በር ገቡ። ማሽን ከማሽን ጋር በቅጽበት ተጫርቶ ቦታ የሚገዛበት «ፕሮግራማቲክ»፣ በአንድ ሰፈር ክልል ላለ ስልክ ብቻ የሚላክ «ጂኦፌንስ»፣ ዕድሜ ጠይቆ የሚያስገባ «ኤጅ ጌት» የዕለት ቃላቸው ሆኑ። የመጨረሻው በር «አዎ» ላለ ልጅ ሁሉ ሊከፈት እንደሚችል ልብ ይሏል።

በእኛ አገር ካናቢስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 የሚያስከስስ ስለሆነ የሚያሻሽጠው ቃል የለም። ቃላቱ ግን ተሰደው መጥተዋል፤ የሚያርፉትም በሌላ ሸቀጥ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ አስወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ለመጠጥ አከፋፋይ «ይኼ እኮ ማስታወቂያ አይደለም፣ ኦርጋኒክ ነው» የሚል አይጠፋም። ኦርጋኒክ ማለት ለማሰራጫው ኩባንያ ሳይከፈል የተሰራጨ ማለት ነው። ለጥፎ እንዲያወራ ለሰው ከተከፈለ፣ ኩባንያው ኦርጋኒክ ቢለውም ለእርስዎ የተገዛ ማስታወቂያ ነው። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም የኢንተርኔት ድረ ገጽን ከማሰራጫ መንገዶች ውስጥ ቆጥሮታል። ጉዳዩ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርብ የሚፈለገው የሸቀጡ ባለቤት እንጂ ቃሉን ያመጣው ልጅ አይሆንም፤ የሕግ ሰው ማማከር የሚያስፈልገው ከዚያ በፊት ነው።

ማሽኑ ደግሞ በእኛ አዋጅ ብቻ አይመራም። ጫት ተራ የሚነግደው ሸቀጥ እዚህ የተፈቀደ ሲሆን፣ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ክብደት ይቀንሳል፣ በሽታ ይፈውሳል የሚል የቅመም ሻጭም ማስታወቂያው «ዲስአፕሩቭድ» ተብሎ ሲመለስበት የተለመደ ነው። ይህ ሲደጋገም አካውንቱ ሊዘጋ ይችላል፤ የሱቁ ገጽ በአስተዋዋቂው ስም የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ደንበኛ ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አጎቴ ማስታወቂያ አላቆሙም። ለማስታወቂያው ብቻ የሚሆን አዲስ ሲም ካርድ አወጡ። አካባቢው ወደ አራት የክፍለ ሀገር ከተሞች ተቀየረ፤ ዓላማው ላይክ መሆኑ ቀርቶ መልእክት ሆነ። ከገንዘብ መያዣው አጠገብ አንድ ደብተር አለ፤ በአዲሱ ቁጥር የደወለው ሁሉ ከየት እንደሆነና ስንት ካርቶን እንደወሰደ ይጻፍበታል። ወጣቱ በወሩ መጨረሻ ሪፖርቱን ይዞ ሲመጣ «ቆይ አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የእኔን እንይ» ብለው ደብተሩን ይከፍታሉ።