ክፍት ነው የተባለው አንድሮይድ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?

አሰላ ላይ አፕ ለማግኘት ሁሌ ፕሌይ ስቶር መግባት የለም። ዳታ ውድ ነው፤ ጓደኛ በዜንደር ይልካል፣ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ይጭናል፣ ወይ ፋይሉ ከቴሌግራም ይወርዳል። ይሄ የሚሆነው አንድሮይድ ጎግልን ሳያስፈቅድ ከየትም የመጣ አፕ ስለሚቀበል ነው። አሁን ግን ጎግል ሊቀይረው ነው።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 እንዳስታወቀው፣ የጎግል አገልግሎት ባለበት ስልክ ላይ የሚጫን አፕ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጣም ቢሆን፣ ማንነቱን ጎግል ዘንድ ባስመዘገበ ሰው የተሠራ መሆን አለበት። በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ በመስከረም 2026 ይጀመራል፤ ለሌላው ዓለም ከ2027 ወዲህ። ምክንያቱ አጭበርባሪዎችን መከላከል ነው ይላል። እውነትም አለው፤ በቴሌግራም የሚመጣ ፋይል ሁሉ እንደማይታመን እናንተም ታውቃላችሁ።

ግን ማን ሾመው? አንድሮይድ የቆመው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ጀምሮት ሺዎች ባሳደጉት ሊኑክስ ላይ ነው። የራሱም ኮድ ከ2008 ጀምሮ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ ሊሠራበት ይችላል። ይችላል ሲባል እንግዲህ እንደ ሁዋዌ ነው። በ2019 አሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ዝርዝሯ ውስጥ ስታስገባው ኮዱን የቀማው የለም። ፕሌይ ስቶር፣ ዩቲዩብና ጂሜይል ግን ከአዳዲስ ስልኮቹ ቀሩ፤ ከቻይና ውጭ ያለው ገበያውም ወደቀ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ጎግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ከምክንያቶቹ አንዱ፣ አምራቾች በሌላ መልክ የተሠራ አንድሮይድ እንዳይሸጡ በውል ማሰሩ ነበር። (ፍርድ ቤት በኋላ ትንሽ ቀንሶለታል።)

ወደ አርሲ እንምጣ። እንበል አንድ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የስንዴ ዋግን በፎቶ የሚለይ አፕ ሠራ። የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል ቅርቡ ነው፣ ስንዴ አምራቹም ዙሪያውን ነው። ዛሬ ፋይሉን በብሉቱዝ ይልክላቸዋል፣ አለቀ። ነገ መጀመሪያ መታወቂያውን ለካሊፎርኒያ ኩባንያ ማሳየት ሊኖርበት ነው። ሙሉ ምዝገባው 25 ዶላር ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪ ስንቱ ነው? ለተማሪዎች ነፃ ምዝገባ ይኖራል፣ አፑ የሚጫንበት የስልክ ብዛት ግን የተገደበ ነው።

ኤፍ-ድሮይድ የተባለው የነፃ ሶፍትዌር መደብር፣ ሕጉ ከጸና መቀጠል አልችልም ብሎ ጮኸ። በኅዳር 2025 ጎግል ለዘብ አለ፦ አደጋውን አውቀው ለሚፈልጉ፣ ያልተመዘገበ አፕ የሚጭኑበት መንገድ እሠራለሁ አለ። በስንት ማስጠንቀቂያና በስንት ደረጃ እንደሚታለፍ የሚወስነው ግን ያው ራሱ ነው።