ባዕድ ዲ ኤን ኤን በባክቴሪያ ውስጥ ስለ ማግባት

በአውሮፓ አይብ ሠሪዎች ወተት የሚያረጉበት ካይሞሲን የተባለው ቅመም ከጥንት ጀምሮ ከሚጠባ ጥጃ ጨጓራ ይወጣ ነበር። አይብ በላተኛው ሲበዛ ግን የሚታረደው ጥጃ አልበቃ አለ። በ1990 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚሁ ናቸው) በባክቴሪያ የተሠራው ካይሞሲን በአሜሪካ ተፈቀደ። የአሠራሩን ነገር ክቡራን አስተዳዳሪዎችና ባለከብቶች ቢያውቁት ይጠቅማል።

የሕያው ሁሉ ጠባይ የተጻፈበት ረጅም ክር ዲ ኤን ኤ ይባላል። ባክቴሪያም በዓይን የማትታይ ብትሆን ይህ ክር አላት፤ ብዙ ጊዜም ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የዲ ኤን ኤ ቀለበት ትይዛለች። ሊቃውንቱ የጥጃውን ትእዛዝ ቀድተው በዚህ ቀለበት ላይ ይቀጥሉታል።

ጭንቁ ቀለበቱን ማስገባት ነው። ዲ ኤን ኤውና የባክቴሪያዋ ገላ ሁለቱም አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላላቸው እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ይገፋፋሉ። በ1970 ማንዴልና ሂጋ የካልሲየም ጨው ባለበት ውሃ ባክቴሪያዋ ባዕዱን ክር እንደምትቀበል አሳዩ፤ ጨውም እንደ ሽማግሌ በመካከል ይገባል። በ1972 ስታንሊ ኮኸንና ባልደረቦቹ ቀለበቱን በዚሁ መንገድ አስገቡ።

ባክቴሪያዎቹ ከጨው ውሃውና ከቀለበቱ ጋር ግማሽ ሰዓት ያህል በበረዶ ላይ ይቆያሉ። ከዚያ በ42 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ተነክረው ወዲያው ወደ በረዶው ይመለሳሉ። ሙቀቱ ቢረዝም ይሞታሉ። በኋላም በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ምግብ ባለበት ውሃ ያርፋሉ።

የሚቀበሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አምፒሲሊን የተባለውን መድኃኒት የሚያከሽፍ ሌላ ትእዛዝ አስቀድሞ በቀለበቱ ላይ ይኖራል። ሁሉም መድኃኒቱ ባለበት ሳህን ላይ ይዘራሉ፤ ያልተቀበሉት አይበቅሉም፤ በማግሥቱ የሚታዩት ነጠብጣቦች የተቀበሉት ዘር ናቸው።

ይህ የሰው ብልኀት ብቻ አይደለም። በ1928 እንግሊዛዊው ግሪፊት የማይገድለውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ በሕይወቱ ሳለ፥ ከተገደለው ገዳይ ዘር ጋር ቀላቅሎ አይጦችን ቢወጋ አይጦቹ ሞቱ፤ የሞተው ጠባዩን ለሕያው አውርሶ ነበርና። ያወረሰውም ዲ ኤን ኤ መሆኑን በ1944 አቬሪና ባልደረቦቹ አስረዱ።

በከብት አንጀትም መድኃኒት የሚያከሽፍ ቀለበት ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋል። ያለ ሐኪም በገበያ የሚሸጥ፥ ባለከብቱም ጀምሮ የሚተወው መድኃኒት ሊቃውንቱ በሳህን ላይ የሚያደርጉትን ምርጫ በበረት ውስጥ ያደርጋል። ቀለበት የሌላቸው ያልቃሉ፤ ያላቸው ይበዛሉ፤ ያው መድኃኒት ለታመመችው ላም ሲሰጥም አይሠራም።