ከአሮጌው ኮምፒውተር ምኑ ይወጣል?

«ኮምፒውተሩ ሞተ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሞተው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ሃርድ ዲስኩም ራሙም ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ምንም ሳይበላሽ ጊዜ የሚያልፍበትም አለ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ አይቀበልም። አዲስ ማሽን የገዛ ሰው ቤት ጥግ ላይ አንድ ጤነኛ አሮጌ ሳጥን ቢገኝ አይገርምም።

ከውስጡ ከሁሉ የሚያዋጣው ዲስኩ ነው። ሳታ የሚባለው መሰኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ገደማ ገበያ ከገባ ወዲህ ቅርጹ ስላልተለወጠ፣ ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ዲስክ ያለ መቀየሪያ ዴስክቶፕ ላይ ይሰካል። ከዚያ በፊት የነበረው፣ ሰፊ ጥብጣብ ገመድ ያለው አይዲኢ ግን መቀየሪያ ይፈልጋል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን ግን አይመከርም፤ ለዚያ ኤስኤስዲ ይገዛል፣ አሮጌው ፎቶና ፊልም ይይዛል። አስቀድሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤንነቱን ማየት ነው። ፕሮግራሙ ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት ይናገራል፤ 30,000 ካለ፣ ያለ ዕረፍት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ዞሯል ማለት ነው። ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሰጋው ተበላሽተው የተተኩት ሴክተሮች ብዛት ነው። እሱ እየጨመረ ከሄደ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌለው ነገር እዚያ ላይ አይቀመጥም።

ራም ከዲስክ ይልቅ ግትር ነው። ፒኖቹ መሃል ያለችው ትንሽ ክፍተት ቦታዋ በየትውልዱ ይለያያል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ማስገቢያም ልክ እዚያው ላይ ማገጃ አለው። ዲዲአር3 240 ፒንና 1.5 ቮልት ነው፤ ዲዲአር4 288 ፒንና 1.2 ቮልት። ዲዲአር5ም ፒኑ 288 ነው፤ ክፍተቷ ግን ፈቀቅ ብላለች፣ ቮልቱም ወደ 1.1 ወርዷል። አልገባ ያለውን ራም በአውራ ጣት ገፍቶ ለማስገባት የሚታገል ሰው ማስገቢያውን ይሰብራል። ትውልዳቸው ከገጠመ ግን ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሠራሉ፤ ፈጣኑ በዘገምተኛው ልክ ይሄዳል።

ሰው ሁሉ «ይኼማ ገና ይሠራል» ብሎ የሚያተርፈው ፓወር ሳፕላዩን ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምተወው እሱን ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ያረጃሉ፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል፤ ሲበላሽም አዲሱን ማዘርቦርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 400 ዋት ቢልም፣ በጣም አሮጌዎቹ አቅማቸውን ለ5 ቮልቱ መስመር ያደላሉ፤ የዛሬ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚበላው ግን ከ12 ቮልቱ ነው። ለቢሮ ተብለው ከተሠሩት ማሽኖች ብዙዎቹ ደግሞ የራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው ከመደበኛው ባለ 24 ፒን ጋር አይገጥሙም። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው አሮጌ ማሽን ከሆነ ጀርባው ላይ ትንሽ ቀይ ማዞሪያ መኖሩን ማየት ነው፦ 115 ላይ እንዳለ እኛ አገር 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካ ድው ብሎ ይጨሳል። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ስለሚያቆይ ክዳኑን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው።

ሳጥኑ፣ ኪቦርዱና ሞኒተሩ ብዙም አያነጋግሩም። የኤቲኤክስ ልክ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ስላለ የብሎኑ ቀዳዳ ይገጥማል። ፕሮሰሰሩን ግን ለብቻው ማትረፍ ብዙም አያዋጣም፤ ኢንቴል ሶኬቱን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራልና።

አንድ ነገር ከመፈታቱ በፊት መጣራት አለበት። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ አዲሱ ማሽን ላይ ሲሰካ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ብዙ ላፕቶፖች ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቀው ይቆልፉታል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አሮጌው ማሽን ገና የሚነሳ ከሆነ፣ ብሎን ሳይነካ ቁጥሩን ወረቀት ላይ መገልበጥ ወይም ቁልፉን ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል።