ለልጅ ትምህርት ቤት ስለ መምረጥና ስለ ዕጣው አሠራር

አባቶቻችን የርስት መሬት በሚካፈሉበት ጊዜ ለማንም እንዳይዳላ ዕጣ ይጥሉ ነበር። ለምለሙ የደረሰው ደስ ይለዋል፤ ጭንጫው የደረሰውም ተዳላብኝ ብሎ ወንድሙን አይከስም። ዛሬም በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲነሡ ከዚሁ ከዕጣ ዘንድ ይደርሳሉ። ስለዚህ የዕጣውን አሠራርና የወላጆችን ድርሻ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አስበናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ በአብዛኛው ቦታ ልጅ የሚማረው በሚኖርበት ሰፈር በተመደበው ትምህርት ቤት ነው። ይህ ሥርዓት ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር የቤት ዋጋና ኪራይ ስለሚወደድ፣ የልጁን ትምህርት ቤት የሚወስነው የአባቱ ኪስ ይሆናል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያም በአብዛኛው ምደባው በአድራሻ ነው። በዋሽንግተን ግን የአሜሪካ ምክር ቤት በ1996 ባወጣው ሕግ ቻርተር የሚባሉ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። እነዚህ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ፣ ከወላጅ ክፍያ የማይጠይቁ፣ ነገር ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቦርድ የሚመሩ ናቸው። ዛሬ በከተማው በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ በእነርሱ ውስጥ ይገኛሉ። ከ2014 ጀምሮም ለቻርተሮቹና ለከተማው ትምህርት ቤቶች በአንድነት የሚያገለግል አንድ የጋራ ዕጣ ተደራጅቷል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ እያንዳንዱ የከተማው ልጅ በሰፈሩ በተመደበለት ትምህርት ቤት ያለ ዕጣ የመግባት መብት አለው። የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናትን ለማስገባት፣ ወይም ከሰፈር ውጭ ያለ ትምህርት ቤትን አለዚያም ቻርተርን ለሚሹ ግን በዕጣው ማመልከት ያስፈልጋል። ወላጅ እስከ 12 የሚደርሱ ትምህርት ቤቶችን በቅደም ተከተል ይጽፋል። እያንዳንዱ ልጅ የዕጣ ቁጥር ይደርሰዋል፤ ሆኖም ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚያ የሚማሩ እንደሆነ፣ ወይም ቤቱ በትምህርት ቤቱ ክልል ውስጥ እንደሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ ያገኛል።

ወላጆችን አብዝቶ የሚያስጨንቃቸው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። «የምወደውን ትምህርት ቤት ፈላጊው ብዙ ነውና አንደኛ አድርጌ ብጽፈው ሁለተኛውንም አጣለሁ» ብለው የሚፈሩ ጥቂቶች አይደሉም። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በቦስተን ከተማ በእርግጥ እንደዚያ ነበር። በዚያ በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የሚቀበለው አንደኛ ብለው የጻፉትን ነበር። በአንደኛው ያልተሳካለት ልጅ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ቦታው ሁሉ ተይዞ ይጠብቀዋል። የሚያውቁት ወላጆች በማኅበር እየተሰበሰቡ የትኛውን በየትኛው ተራ መጻፍ እንደሚበጅ ይመካከሩ ነበር። ያላወቁት የልባቸውን በእውነት ጻፉ፤ በእውነታቸውም ተጎዱ። ሊቃውንት ይህን ጉድለት በ2003 በጽሑፍ ካሳዩ በኋላ የከተማው የትምህርት ቤቶች ኮሚቴ በ2005 ያን አሠራር አስቀረ።

በምትኩ የገባው ዘዴ መሠረቱ ጌል እና ሻፕሊ የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት በ1962 ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነው። ሻፕሊ፣ ይህን ትምህርት በሥራ ላይ ካዋለው ከአልቪን ሮዝ ጋር፣ በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ኒው ዮርክም በ2003 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ይህን መንገድ ስትይዝ፣ ካመለከቱባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱንም ሳያገኙ እንዲሁ የሚመደቡት ልጆች ከ30,000 በላይ የነበሩት ወደ 3,000 ገደማ ወረዱ። የዋሽንግተንም ዕጣ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው። አንዲት ሕፃን ሦስት ትምህርት ቤቶችን ጻፈች እንበል። አንደኛው በቅድሚያዋና በዕጣ ቁጥሯ መዝኖ አልበቃትም ቢል፣ ጥያቄዋ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሁለተኛው ትምህርት ቤት እስከዚያ የያዛቸው ልጆች ሁሉ ለጊዜው የተያዙ እንጂ የጸኑ አይደሉም። ስለዚህ የእርሷ ተራ የሚበልጥ እንደሆነ፣ አንደኛ ብሎ የጻፈውን ልጅ እንኳ አስለቅቃ ትገባለች። የተለቀቀውም ልጅ ወደሚቀጥለው ምርጫው ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ ምደባው የሚጸናው ሁሉም ከተዳረሰ በኋላ ነው። ሦስተኛው ቢደርሳት ከላይ በጻፈቻቸው በሁለቱ የተጠባባቂዎች መዝገብ ትገባለች። እንግዲህ የሚወዱትን ትምህርት ቤት አስቀድሞ መጻፍ ምንም ጉዳት የለውም፤ ተንኮልም አይጠቅምም። የሚጎዳው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ጽፎ መተው፣ የማይፈልጉትን መጻፍ፣ ወይም የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን ማሳለፍ ነው። ቀኑ በየዓመቱ በክረምታቸው ማብቂያ አካባቢ ይውላል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ቀደም ይላል። መረጃው በአማርኛም ይገኛል።

የሆነ ሆኖ ዕጣ ቅደም ተከተልን ያስከብራል እንጂ ምርጫን አያስተምርም። የፈተና ውጤት ብቻ አይቶ መምረጥ ያሳስታል፤ ውጤቱ የመምህራኑን ትጋት የሚያሳየውን ያህል የወላጆችንም ሀብት ያሳያልና። ከ2018 ጀምሮ ከተማው በሚያወጣው የትምህርት ቤቶች መግለጫ ተማሪዎች በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተሻሻሉ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱን መመልከት ይበልጣል። ከዚህም ጋር ትምህርት ቤቱን በአካል ሄዶ ማየት ተገቢ ነው። መምህራኑ ይቆያሉን ወይስ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ? እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ምን እርዳታ አለ? ወላጅ ከሥራ እስኪመለስ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ይኖራልን? መንገዱስ ምን ያህል ይርቃል? በከተማው የተማሪዎች የአውቶቡስና የባቡር ጉዞ በነጻ ነው፤ ነገር ግን የ3 ዓመት ሕፃን ብቻውን አይሳፈርም። በየማለዳው ከተማውን የሚያቋርጥ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ያስብበት። የዘመድን አድራሻ ተውሶ ከከተማው ውጭ የሚኖር ልጅ ማስገባት ግን በኋላ የትምህርቱን ዋጋ የሚያስከፍል ጥፋት ነው።

አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገራለን። ዕጣ ትክክለኛ ቢሆንም ወንበር አይጨምርም። አንድ ልጅ የገባበት ቦታ ሌላው የቀረበት ነው። ስለዚህም በየሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ እንዲሻሻል መጣር ከዕጣ ይልቅ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ዕጣ ያልደረሳቸው ወላጆችም ለልጃቸው ትምህርት ቤት ባዕድ ሊሆኑ አይገባም።

አንዳንዱ ሰው «ጎረቤቴ ቢያመለክት የልጄ ዕድል ይቀንሳል» ብሎ የሚያውቀውን ይደብቅ ይሆናል። የቦስተን ታሪክ ግን ዕውቀት በጥቂቶች እጅ ሲቀር የሚጎዱት ንጹሖቹ እንደ ሆኑ አሳይቶናል። ዛሬ ዘዴው ተንኮልን ቢያስቀርም ቀኑን ያልሰማችውን እናት አይረዳትም፤ እርሷን የሚረዳት የሰማ ሰው ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ተመካከሩ፤ ትምህርት ቤቶቹን ጎብኙ፤ የልባችሁን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ ከዚያም በሌሊት ሥራ ደክማ ለምትውለው ጎረቤታችሁ ቀኑን ንገሯት።