ላስ ቬጋስ ላይ ሕጋዊ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ ወንጀለኛ!

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። እኔ ጉዱን የሰማሁት ሠርጌ አራት ወር ሲቀረው ነው። ለዚያውም ከኪሎ ብዙም በማይበልጥ እንስሳ ምክንያት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው፤ ሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። ጠዋት ስገባ «እንዴት አደርክ» የሚለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ብቸኝነቱ ሲበዛብኝ የቤት እንስሳት ከሚሸጥበት ሱቅ ገባሁና ፌሬት የሚባል እንስሳ ገዝቼ ወጣሁ። ፌሬት ለማታውቁ፦ ሰውነቱ ረዥምና ቀጭን፣ እግሩ አጭር፣ ሥጋ በል ነው። ድመትም አይደለም፣ አይጥም አይደለም። ፈረንጆች ድሮ ጥንቸልን ከጉድጓዷ ለማስወጣት ያረቡት ነበር። ቀኑን አብዛኛውን ይተኛል፤ ሲነቃ ደግሞ ሌባ ነው። ካልሲዬንና የታክሲ ቁልፌን ሶፋ ሥር ይደብቃል። ሸርተቴ አልኩት። ሽታው ቡና ሊጠጡ የሚመጡትን ጓደኞቼን አፍንጫ ቢያሲዝም እኔ ለመድኩት፣ ወደድኩት።

እጮኛዬ ሎስ አንጀለስ ናት። ከሠርጉ በኋላ እሷ ጋ ልገባ ተስማማን። «ሸርተቴንም ይዤ እመጣለሁ» ስላት ዝም አለች። በማግስቱ ደውላ «አንተ፣ እዚህ እኮ ክልክል ነው!» አለችኝ። ሳቅሁባት። ሳጣራ ግን እውነቷን ነው።

ኔቫዳ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካስከተብኩት ማንም አይነካኝም። የአራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ነድቼ ሎስ አንጀለስ ስገባ ግን ያው ሸርተቴ ሕገወጥ ነው። ክልከላው ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። አምልጦ ዱር ቢገባ የአገሩን ወፎችና ትንንሽ አውሬዎች ይጨርሳል ነው ስጋቱ። የሚገርመው ምግቡ እዚያው ሱቅ ውስጥ ይሸጣል! በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሕግ አውጪዎቹ ክልከላውን ሊያላሉ ረቂቅ አጽድቀው ነበር፤ አገረ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ግን መጀመሪያ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይጠና ብለው ውድቅ አደረጉት። እኚሁ ሰውዬ በ1990 በሠሩት ፊልም ላይ ፌሬት ይዘው ተውነዋል፣ እናንተዬ!

ሃዋይም ትከለክላለች። ማሳቹሴትስ በተቃራኒው በ1996 ፈቀደች። ኒውዮርክ ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል፤ ክፍለ ግዛቱ ሲፈቅድ ከተማዋ በ1999 ከለከለች። ያኔ የነበሩት ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ ሬዲዮ ላይ ደውሎ የተሟገታቸውን ሰው ለእንስሳ እንዲህ መጨነቅ በሽታ ነው፣ ሐኪም ያስፈልግሃል ብለው አባረሩት። በ2015 ክልከላውን ለማንሳት ድምፅ ተሰጥቶ ነበር፤ አላለፈም።

መጀመሪያ ላይ «ሥራ ፈቶች!» ብዬ ነበር። የኒውዚላንድን ሳነብ ግን አፌን ያዝኩ። እዚያ በ19ኛው መቶ ዘመን ጥንቸል ያጠፋልናል ብለው አስገቡት። ፌሬቱ ግን መብረር የማትችለውን ኪዊ ወፍ ጭምር ይበላ ጀመር፤ የከብት ሳንባ ነቀርሳም ያዛምታል። ከ2002 ወዲህ መሸጥም ማርባትም ክልክል ነው። ጎረቤቷ አውስትራሊያ ውስጥም ኩዊንስላንድ ስትከለክል ኒው ሳውዝ ዌልስ ትፈቅዳለች። እንስሳው አንድ ነው፤ የሚለያየው እያንዳንዱ አገር የሚሳሳለት ነገር ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም በቦርሳ ደብቄ ላሳልፈው አስቤ ነበር። ካሊፎርኒያ መግቢያ ላይ ፍተሻ እንዳለ እያወቅሁ! ለእጮኛዬ ስነግራት አልጮኸችም።

«ግሪን ካርድህን በፌሬት ልታስይዝ ነው? ቢያዝስ እሱ ምን ይሆናል? በር በተንኳኳ ቁጥር መጋረጃ ስንዘጋ ልንኖር ነው? እኔ ትዳሬን በድብቅ ነገር አልጀምርም» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ የምሳሳው ለሸርተቴ ሳይሆን ለራሴ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ጎረቤቴ ያሉ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ወሰዱልኝ። ያስረከብኳቸው ቀን የክትባት ወረቀቱንና አንድ እግር ካልሲዬን ጨምሬ ሰጠኋቸው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ወንድ አያለቅስም ያለው ማነው? አሁን በዓልን አስታክኬ ላስ ቬጋስ ስሄድ አየዋለሁ፤ ቁልፌን ለመስረቅ ዛሬም አልቦዘነም።

እናም ወዳጆቼ፣ እንስሳ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን አትጠይቁ፤ እሱ መሸጥ ነው ሥራው። የክፍለ ግዛቱን ሕግ፣ የከተማውን ደንብ፣ አከራያችሁን ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ፌሬት ስድስት ሰባት ዓመት ይኖራል፤ ያኔ እናንተ የት ናችሁ? ከማንስ ጋር?

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?