አበባ ያለበት ኩኪስ፦ ለዓይን ያማረ ሁሉ ለአፍ አይሆንም

አበባ መብላት ሲባል ለብዙዎቻችን የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለናል። ነገር ግን ሻይ ላይ ጣል የምናደርገው ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። ለበርበሬና ለሽሮ የምናዘጋጀው በሶብላም ከነአበባው ደርቆ ይፈጫል። ካርካዴም ቢሆን የሚፈላው አበባውን አቅፎ ከሚይዘው ቀይ ሽፋን ነው። አበባ ከጓዳችን ጠፍቶ አያውቅም ማለት ነው። አዲሱ ነገር ኩኪስና ኬክ ላይ መምጣቱ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መጋገር ዋና ሥራዬ ሆኗል። የልጅ ልጆቼ የሚወዱት በብርቱካንና በሎሚ ልጣጭ፣ በደረቀ ጽጌረዳም የሚሸተውን የቅቤ ኩኪስ ነው። ጎረቤቶቼ አሠራሩን ሲጠይቁኝ አልደብቅም፤ ግን ከዱቄቱ በፊት ስለ አበባው እነግራቸዋለሁ።

ምክንያት አለኝ። በክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ታቅፎ መጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ አፉ ደርቋል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል፤ የሌለ ነገር በእጁ ይለቅማል፣ ከማይታይ ሰው ጋር ያወራል። ቤተሰቡ ጸበል ሊወስዱት ነበር። እናቱ ግን የጨበጠውን ይዛ መጥታ ነበርና አየነው፤ አስተናግር ነው፤ አጠፋሪስም ይሉታል። ወደ ሆስፒታል ላክነው፣ ልጁም ዳነ። በየግቢው አጥር ላይ ጡሩምባ መስሎ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ትልቁ ነጭ ወይም ብርቱካንማ አበባ የዚሁ ተክል ዘመድ ነው፤ መርዙም ተመሳሳይ ነው። በሞቃት ከተሞች መንገድ ዳር የሚተከለው፣ ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ኦሊያንደርም የልብ ምትን የሚያዛባ መርዝ አለው።

ለልጅ አበባ ያለበት ኩኪስ ስንሰጥ፣ ሳናስበው አንድ ትምህርት አብረን እንሰጣለን፤ «አበባ ይበላል» የሚል። ልጅ ደግሞ ጽጌረዳውን ከጡሩምባው አይለይም። ስለዚህ ኩኪሱን ስሰጣቸው የአበባውን ስም አስጠራቸዋለሁ፤ ከግቢ የተቀጠፈ ነገር ሳያሳዩኝ አፋቸው እንዳይገባም አስምላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የአበባ ሱቅ ጽጌረዳ ነው። በልደትና በሠርግ ኬክ ላይ ትኩስ ጽጌረዳ መሰካት ተለምዷል። ለአበባ ማስቀመጫ የሚመረት ጽጌረዳ ግን ፀረ ተባይና ፀረ ፈንገስ ይረጫል፤ የሚመረተው እንዲታይ እንጂ እንዲበላ ስላልሆነ እንደ ምግብ ጥንቃቄ አይደረግለትም። ማጠብም ሁሉንም አያስለቅቅም። ለመብላት የሚሆነው መድኃኒት ያልተረጨ፣ ከመኪና መንገድ የራቀ፣ ስሙን በእርግጠኝነት የሚያውቁት የጓሮ ጽጌረዳ ነው። ከሌለዎት ደረቅ ካርካዴ ይበቃል።

የሚያስፈልጉት

የፉርኖ ዱቄት 300 ግራም
ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 200 ግራም
ስኳር 100 ግራም
የአንድ ብርቱካንና የአንድ ሎሚ ልጣጭ
ደርቆ የተፈረፈረ የጽጌረዳ ቅጠል አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ወይም የተፈጨ ካርካዴ አንድ የሻይ ማንኪያ
ጨው በጣት ቆንጠር

ከገበያ የሚገዛ ለጋ ቅቤ ውኃና አጓት ስለሚኖረው ሊጡን ያላላዋል። የተነጠረው ደግሞ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የአበባውን ሽታ ይውጡታል። ስለዚህ የገበታ ቅቤ ይሻላል።

አሠራር

የጽጌረዳውን ቅጠል አጥበው፣ መራራ የሆነውን ነጭ ሥሩን በመቀስ ቆርጠው፣ ጥላ ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያድርቁት። ብርቱካኑንና ሎሚውን በሚገባ አጥበው የላይኛውን ቀለም ያለውን ልጣጭ ብቻ በመፈቅፈቂያ ይፈቅፍቁ፤ ነጩ ይመራል። ልጣጩን ከስኳሩ ጋር በጣትዎ ይሹት። መዓዛው ያለው በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይቱም በቅቤ ይሟሟል። ጭማቂ መጨመር ግን ሊጡን ያቀጥነዋል እንጂ ያን ያህል ሽታ አይሰጥም።

የለሰለሰውን ቅቤ ጨምረው ያዋህዱ። ዱቄቱን ከጨውና ከአበባው ጋር ቀላቅለው ያስገቡና እስኪያያዝ ብቻ ይለውሱት፤ ብዙ ካሹት ይደርቃል። ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ዳምጠው በብርጭቆ አፍ ይቁረጡ። በ170 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋግሩ። ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፤ መሐሉ ለስላሳ ቢመስልም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። 30 ያህል ይወጣዋል። ቅቤ ስላለበት የፍስክ ነው፤ በደንብ በሚከደን ቆርቆሮ ለሳምንት ይቆያል።

ለማን ምን ያህል?

በዚህ ልክ የተጋገረ አንድ ኩኪስ 100 ካሎሪ ገደማና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም፣ ማለትም ከስድስት የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ሻይና ቡናችን ላይ የምንጨምረውም በዚሁ ይቆጠራል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው አንድ ቢቀምስ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣ። የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ወይም የሚያሳክከው ሰው ካለ አበባውን ትተው በልጣጩ ብቻ ይጋግሩለት፤ ጣዕሙ አይጎድልም።

ልጅ የማይታወቅ አበባ፣ ቅጠል ወይም ፍሬ በልቶ ቢገኝ አፉን በጣት ጠርገው የቀረውን ያውጡ። ለማስመለስ አይሞክሩ፤ ወተትም ዘይትም አያጠጡ። የበላውን ተክል ቁራጭ ይዘው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ያቺ ቁራጭ ለሐኪሙ ከብዙ ጥያቄ የበለጠ ትነግረዋለች።